አባቴን ይዤ ኦክስፎርድ ለአንድ ቀን፦ ኤግዚቢሽን፣ ንግግርና ቲያትር ይሞላል?

የቀበና ልጅ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝ አገር ያላችሁ፣ በተለይ ኦክስፎርድ የተማራችሁ ወይ የሠራችሁ ካላችሁ ምክር ፈልጌ ነው።

አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ መጥቷል። የሚቆየው ሦስት ሳምንት ነው፣ አንዱ አልቋል። ለንደንን አዞርኩት። ድልድዩን አየ፣ ቤተ መንግሥቱን በአጥር በኩል አየ፣ «ጥሩ ነው» ብሎ ዝም። ከትናንት ወዲያ ማታ ሻይ እየጠጣን «ኦክስፎርድ ሩቅ ነው እንዴ?» አለኝ። እንደ ዋዛ ነው ያነሳው። የአባቴን እንደ ዋዛ ስለማውቀው ግን ገና ቪዛ ሳይጠይቅ ጀምሮ ሲያስበው የነበረ ነገር እንደሆነ ገባኝ።

አባዬ ጡረታ የወጣ የአማርኛ አስተማሪ ነው። ልጅ ሆኖ ቆሎ ተማሪ ነበር፣ ግዕዝ ያውቃል፣ ቅኔም አልፎ አልፎ ይሞክራል። 71 ዓመቱ ነው። ጉልበቱን ያመዋል፣ ደረጃ ሲያይ ፊቱ ይለወጣል። እንግሊዝኛ ሲያነብ ማንም አይቀድመውም፣ ሲያወሩት ግን ከፈጠኑበት ይጠፋበታል። ይህን ለማንም አይናገርም፤ ፈገግ ብሎ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ሰውየው ደግሞ የገባው መስሎት ይቀጥላል።

የፈለገው ሦስት ነገር ነው። ጥሩ ኤግዚቢሽን። አንድ ንግግር፣ በራሱ አባባል «ፕሮፌሰሮቹ ሲያስተምሩ መስማት»። ማታ ደግሞ ቲያትር። ወጣት እያለ ከብሔራዊ ቲያትር አይጠፋም ነበር፣ ቲያትር ያላየሁበትን ከተማ አየሁት አልልም ይላል። እኔ ሥራ የሌለኝ ቅዳሜ ስለሆነ ቅዳሜ አስቤያለሁ። ሦስቱም በአንድ ቀን ይሳካል? ንግግር ላይ ዝም ብሎ ገብቶ መቀመጥ ይቻላል ወይስ መታወቂያ ይጠይቃሉ?

ሌላ ደግሞ፣ በግዕዝ የተጻፈ መጽሐፈ ሄኖክ እዚያ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ማየት ይቻላል? ይህን እሱ አልጠየቀኝም። ላስደንቀው ፈልጌ ነው።

ስካውቷ

እንኳን አባትሽ በሰላም መጡልሽ እህቴ። እኔ ኦክስፎርድ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ተማሪ ነበረች ብለሽ እንዳታስቢ፣ አንዱ ኮሌጅ ውስጥ የተማሪ ክፍል አጸዳ ነበር። እኛን ስካውት ነው የሚሉን። ስለዚህ ከተማውን ከንጋት በኩል ነው የማውቀው፣ ቱሪስቱ ሳይነሳ።

አስቀድመሽ ለአባትሽ አንድ ነገር ንገሪያቸው። ዩኒቨርሲቲው በር የለውም። ስድስት ኪሎን ያወቀ ሰው ትልቅ በር፣ ጥበቃ፣ ግቢ ይጠብቃል። የኔ ወንድም ሊጠይቀኝ መጥቶ ብሮድ ስትሪት መሀል ላይ ቆሞ «ታዲያ ዩኒቨርሲቲው የታለ?» ብሎኛል፣ በግራም በቀኝም የቆመው ዩኒቨርሲቲው ነበር። ከ30 በላይ ኮሌጅ አለ፤ እያንዳንዱ የራሱ ግቢ፣ የራሱ ምግብ አዳራሽ፣ አብዛኛውም የራሱ ጸሎት ቤት አለው፣ በመሀል በመሀል ደግሞ ሱቁም ባንኩም የባስ ፌርማታውም ገብቶበታል። አንዳንዱ ኮሌጅ በነጻ ያስገባል፣ አንዳንዱ ያስከፍላል፣ ክራይስት ቸርች ለምሳሌ በክፍያ ነው፣ ሌላው ደግሞ በሩ ላይ «ለጎብኚ ዝግ ነው» የሚል ሰሌዳ አቁሞ ቁጭ ብሏል። አትከፊ፣ ተማሪ የሚኖርበት ቤት ነው።

ሙዚየሞቹ ነጻ ናቸው፣ ይህ ነው ትልቁ ነገር። ግን ሁሉንም አያለሁ እንዳትዪ። ጉልበታቸው እንደዚያ ከሆነ አንዱን ምረጪ። እኔ አሽሞሊያንን ነው የምለው። እ.ኤ.አ. በ1683 ነው ለሕዝብ የተከፈተው፤ አሁን ያለበት ቦመንት ስትሪት ላይ ያለው ሕንፃ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሊፍት አለው፣ መቀመጫ አለው፣ ካፌ አለው። ቋሚው ስብስብ በነጻ ነው፣ ልዩ ኤግዚቢሽን ካለ ለሱ ብቻ ቲኬት ይቆረጣል። የሳንቲም ስብስባቸው ሰፊ ነው፣ የአክሱም ነገሥታት ያስቀረጹት ሳንቲምም አላቸው፤ ካላየሽው ሠራተኞቹን ጠይቂ፣ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል።

ጊዜ ከተረፈ ብቻ ወደ ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ ሂዱ። ጣሪያው በሙሉ መስታወት ነው፣ በብረት ምሰሶ የተያዘ፣ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ዳይኖሰር ያስገቡ ነው የሚመስለው። ከኋላው ባለው በር በኩል ፒት ሪቨርስ ወደሚባለው ሌላ ሙዚየም ይገባል። እሱ ጨለም ያለ ነው፣ ዕቃ እስከ ጣሪያ ተደርድሮበታል፣ አደራረደሩም በአገር አይደለም፣ በዓይነት ነው። ጋሻ ከጋሻ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ከሙዚቃ መሣሪያ ጋር፣ ከየትም ይምጣ። እኔ ወድጄዋለሁ፣ ግን ለደከመው ሰው አይሆንም። ድሮ የደረቀ የሰው ጭንቅላት ያሳዩ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ከእይታ አነሱት፣ ደግ አደረጉ።

የቀበና ልጅ ከሆንሽ ደግሞ የእንግሊዝ ኤምባሲን አጥር ታውቂዋለሽ አይደል? እ.ኤ.አ. በ1910 እዚያ ግቢ ውስጥ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ ያ በረሃ አቋራጩ፣ የተማረው ኦክስፎርድ ነው፤ ያነሳቸው ፎቶዎች ስብስብ ያለውም ፒት ሪቨርስ ነው። ለአባትሽ በመንገድ ላይ የምትነግሪያቸው ወሬ ይሁንልሽ።

ሰባተኛ ሳምንት

ከላይ ያለችው እህት ጥሩ ብላለች። እኔ ስለ ንግግሩ ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚህ ለዶክትሬት አራተኛ ዓመቴ ነው፣ በንግግር ብዛት ጆሮዬ ሊደነቁር ነው።

ቅዳሜውን እርሺው። ለሕዝብ ክፍት የሆኑት ንግግሮች አብዛኞቹ በሥራ ቀን ነው የሚደረጉት፣ ቅዳሜ ከተማውን የሚሞላው አስጎብኚና ዣንጥላ ነው። አንድ ቀን ፈቃድ ውሰጂና ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሁን። ረቡዕና ዓርብ አባትሽ ይጾሙ ይሆናል ብዬ ነው፤ የጾም ምግብ አይጠፋም፣ ግን ቢያንስ ምሳ ላይ አትጨቃጨቁም።

ወቅቱም ጥሩ ነው። እዚህ የትምህርት ዓመቱ ሦስት ተርም ነው፣ አንዱ ተርም ስምንት ሳምንት ብቻ። የመጀመሪያው በኛ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጨረሻ ገደማ፣ ሁለተኛው ከጥር እስከ መጋቢት መግቢያ፣ ሦስተኛው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ። ከነዚህ ውጪ ከመጣሽ ንግግሩም የተማሪ ቲያትሩም ይቀዘቅዛል። አሁን ተርም ላይ ነን፣ ዕድለኛ ናችሁ።

መታወቂያ የሚጠይቀው የተማሪው መደበኛ ክፍል ነው፣ እዚያ መግባት አይቻልም። «ለሕዝብ ክፍት» የሚል የተጻፈበት ግን ማንም ይገባል፣ አብዛኛው ነጻ ነው፣ አንዳንዱ አስቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ ይፈልጋል። የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ በየቀኑ ይለጠፋል። አመራረጥሽ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ትልቅ ስም ያለው ሰው ፈልገሽ ስለማይገባቸው ነገር ከምታስቀምጫቸው፣ የሚያውቁትን ጉዳይ ፈልጊላቸው። ስለ ጥንታዊ መጽሐፍ፣ ስለ ሃይማኖት ታሪክ፣ ስለ ትርጉም ሥራ የሚወራ ሳምንቱን ሙሉ አይጠፋም። ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ቋንቋው ቢያመልጠውም ሐሳቡ አያመልጠውም። የንግግሩ ማጠቃለያ ከተለጠፈ አትመሽ ስጪያቸው፣ ባስ ላይ ያነቡታል። ከፊት ሳይሆን ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ሰዓቱን አደራ! ንግግሮቹ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ 5 ሰዓት ላይ ነው፣ ማለትም በኛ 11። አጎቴን አንድ ጊዜ ጋብዤ በስልክ «አምስት ሰዓት» አልኩት። ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ፣ በኛ አቆጣጠር፣ ሱፉን ለብሶ ባዶ አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ደወለልኝ። ሃያ ዓመት እንግሊዝ የኖረ ሰው ነው። ከኔ ጋር ግን አማርኛ ስለምንነጋገር ሰዓቱም አማርኛ መስሎት።

ለንደን ደቡብ

ልጅቷ ስለ ሄኖክ የጠየቀችውን ማንም አልመለሰም እኮ። አለ፣ ቦድሊያን በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው ያለው። የተዘረፈ ነው። አባትሽን ወስደሽ የተሰረቀ ንብረታቸውን በመስታወት ልታሳያቸው ከሆነ ይቅርባቸው።

ብራና

ለንደን ደቡብ፣ ቁጭትህ ይገባኛል፣ ግን ሁሉን በአንድ ሙቀጫ አትውቀጠው። የመቅደላው ዘረፋ እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ቦድሊያን ያለውን ሄኖክ ይዞ የመጣው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው፣ ጎንደር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1770፣ ከመቅደላ አንድ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ወታደር አስከትሎ አልመጣም፣ ገዝቶም አስገልብጦም ነው የሄደው። ገዢና ሻጭ እኩል ነበሩ ወይ ብትለኝ ያ ሌላ ክርክር ነው፣ እሱን እከራከርሃለሁ። ይህንንም ዝርፊያ ካልክ ግን የመቅደላው ጉዳይ ክብደቱ ይቀንሳል።

ወደ ጥያቄው። ሄኖክ በሙሉ ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። አውሮፓ ውስጥ ቁርጥራጩን እንጂ ሙሉውን ያነበበ አልነበረም፣ እኛ ጋ ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ ተቆጥሮ ይነበብ ነበር። ብሩስ ሦስት ቅጂ ይዞ ተመለሰ። አንዱን ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሰጠ፣ አንዱን ለቦድሊያን፣ አንዱን ለራሱ አስቀረ፤ የራሱም ከሞተ በኋላ ከሌሎች ብራናዎቹ ጋር እዚያው ቦድሊያን ገባ። ሪቻርድ ሎረንስ የሚባል የኦክስፎርድ የዕብራይስጥ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳተመው። የቦድሊያንን የግዕዝ ብራናዎች ዘርዝሮ ካታሎግ ያዘጋጀውም ጀርመናዊው የግዕዝ ሊቅ ዲልማን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1848። አባትሽ ግዕዝ ካወቁ የዲልማንን ስም ሳይሰሙ አልቀሩም፣ መዝገበ ቃላቱና ሰዋስዉ ዛሬም ይጠቀስበታል።

ማየት ይቻላል ወይ? ዝም ብለሽ ሄደሽ አይደለም። ብራና ብርሃን ይጎዳዋል፣ አሥራ ሁለት ወር መስታወት ውስጥ አይቀመጥም። በእጅ ለማየት የአንባቢ ካርድ ያስፈልጋል፣ ለምን እንደፈለግሽው አስረድተሽ፣ አስቀድመሽ፣ ሳምንታት አስቀድመሽ። ከጥቂት ዓመት በፊት እዚህ የምንኖር ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ተጋብዘን ብራናዎቹን ቀርበን አይተናል፣ እንደዚያ ያለ ቀን ቢገጥም ጥሩ ነበር። አሁን የቀራችሁ ሁለት ሳምንት ስለሆነ ካርዱ አይደርስም ብለሽ ያዢ። ግን ብሮድ ስትሪት ላይ ዌስተን የሚባለው የቦድሊያን ሕንፃ ምድር ቤቱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ በነጻ ኤግዚቢሽን ያሳያሉ፣ የሚያሳዩትንም ይቀያይሩታል። ብራናዎቹ የሚነበቡትም እዚያው ሕንፃ ላይ ፎቅ ነው። በራቸው ላይ ማቆም ትችያለሽ።

የዌስተን ጎረቤት ሼልዶኒያን ነው። ስሙ ቲያትር ስለሚል ማታ እዚያ ቲያትር አለ ብለሽ ቲኬት እንዳትፈልጊ፣ የምረቃ አዳራሽ ነው፣ ክሪስቶፈር ሬን የሠራው፤ ኮንሰርት አልፎ አልፎ ይደረግበታል። ጃንሆይም እ.ኤ.አ. በ1954 ከዚህ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተቀብለዋል፣ ይህን ለአባትሽ ዘመን ሰው መንገር ነው።

ለንደን ደቡብ

እሺ መቅደላ አይደለም፣ ተቀብያለሁ። ግን አስበው፣ ግዕዝ የሚያነቡ አባት ካርድ የላቸውም ተብሎ ምድር ቤት ይቀራሉ፣ ግዕዝ አምና የጀመረ ተማሪ ፎቅ ወጥቶ ይገልጠዋል። ይሄ አያናድድህም?

ብራና

ያናድደኛል።

መጋረጃ

ስለ ቲያትሩ እኔ ልናገር፣ ሙያዬ ስለሆነ ብዙ እንዳላበዛ ነው የምፈራው።

ሦስት ዓይነት ቦታ አለ። ኒው ቲያትር ትልቁ ነው፣ ጆርጅ ስትሪት ላይ፣ ሙዚቃዊ ድራማና ኮሜዲያን ይመጡበታል። ለአባትሽ አይሆንም። ኦክስፎርድ ፕሌይሃውስ መካከለኛው ነው፣ ከአሽሞሊያን ፊት ለፊት ማለት ይቻላል፣ መንገድ መሻገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የተከፈተ ነው፣ ቁም ነገር ያለው ቲያትር የሚመጣው እሱ ጋ ነው። አንዳንድ ቀን ንግግሩ በጽሑፍ እየታየ የሚቀርብ ትዕይንት አላቸው፣ መስማት ለሚቸግራቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው፣ ግን እንግሊዝኛው ለሚፈጥንባቸውም እንደ መድኃኒት ነው። በስልክ ጠይቂ፣ አባቴ እንዲህ ነው ብለሽ። አታፍሪ።

ሦስተኛው በርተን ቴይለር ስቱዲዮ ነው፣ ከፕሌይሃውሱ ጀርባ፣ ጠባብ ክፍል፣ መድረኩ ከእግርሽ ሥር። ስሙ የሪቻርድ በርተንና የኤልዛቤት ቴይለር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ከተማሪዎች ጋር ፕሌይሃውሱ ላይ ተውነው ነበር። እዚህ የሚጫወቱት አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም፣ አንዳንዱ መጥፎ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ለንደን ላይ ብር አፍስሰሽ የማታገኚው ነው። የኔ ምርጫ ይሄ ነው። አንደኛ ለጉልበት፣ አጭር ነው። ሁለተኛ ተዋናዩ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ ፊቱ ሲናገር ቋንቋው ግማሹን ነው የሚሠራው።

አባትሽ የሚያውቁት ተውኔት ከተገኘ ደግሞ አትለፊው። ሃምሌት ቢገጥም ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን አንብበውታል፣ ወይም መድረክ ላይ አይተውታል፣ እንግሊዛዊው ከጎናቸው እየተኛ እሳቸው ቀድመው ነው የሚስቁት። በሰመር ብትመጡ ኖሮ በየኮሌጁ አትክልት ውስጥ ሼክስፒር ሳር ላይ ተቀምጦ ይታያል። አሁን በዚህ ዝናብ ግን አትሞክሩት።

የቀበና ልጅ

እናንተ ሰዎች እግዜር ይስጣችሁ። ሁለት ነገር ብቻ። ፈቃድ ሐሙስ አግኝቻለሁ። ባስ ይሻላል ባቡር? ደግሞስ አሽሞሊያን፣ ዌስተን፣ ንግግር፣ ቲያትር፣ አራት ሆነ፣ በዚያ ጉልበት ይቻላል?

ሰባተኛ ሳምንት

ባቡሩ ከፓዲንግተን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ውድ ነው። ባሱ ከቪክቶሪያ ተነስቶ በማርብል አርች በኩል ይሄዳል፣ መንገዱ ከተዘጋጋ ሁለት ሰዓትም ይፈጃል። እኔ ግን ባሱን ነው የምልሽ፣ ምክንያቱም መሀል ከተማ፣ ግሎስተር ግሪን ነው የሚያወርድሽ፣ ከዚያ አሽሞሊያንም ቲያትሩም ጥቂት ደቂቃ ነው። የባቡር ጣቢያው ትንሽ ያስኬዳል። ማታ የምትመለሺበትን ሰዓት አስቀድመሽ እዪ።

አራቱ ይቻላል፣ በመሀል ከተቀመጣችሁ። ጠዋት አሽሞሊያን ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ በላይ አትጨምሪ። ምሳ ከቨርድ ማርኬት፣ እ.ኤ.አ. ከ1774 ጀምሮ ያለ ገበያ ነው፣ ሥጋውም ዳቦውም አበባውም አንድ ጣሪያ ሥር። ከሰዓት ዌስተን፣ ከጎኑ ብላክዌል መጻሕፍት ቤት አለ፣ ምድር ሥር ያለው ክፍል መጨረሻው አይታይም፣ ደረጃ አለው ግን። ደግሞ ልብሽ ከፈቀደ፣ ከንግግሩ ይልቅ የማታ ጸሎት ይሁን። በየኮሌጁ ጸሎት ቤት ተርም ላይ መዘምራኑ የሚያዜሙበት ጸሎት አለ፣ ነጻ ነው፣ የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ቋንቋ ሳይቸግረው አንድ ሰዓት ይቀመጥበታል።

ስካውቷ

አንድ የረሳሁት። ማታ ቲያትሩ ቶሎ ካለቀ ክራይስት ቸርች ፊት ለፊት ቁሙ። ከግንቡ ላይ ያለው ትልቁ ደወል፣ ግሬት ቶም፣ በየማታው በፈረንጅ 9 ከ5 ላይ 101 ጊዜ ይደወላል። መጀመሪያ ለነበሩት 100 ተማሪዎችና በኋላ ለተጨመረው አንድ ነው፣ በሩ ሊዘጋ ነው ግቡ ማለት ነበር። ለምን 9 ከ5? ኦክስፎርድ ከግሪኒች በስተ ምዕራብ ስለሆነች በራሷ ፀሐይ አምስት ደቂቃ ትዘገያለች፣ ባቡር መጥቶ የአገሩ ሰዓት አንድ ሲሆን እነሱ ደወሉን አላስተካክልም አሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስሰማው አንድ ቀንም መቶ አንድ ላይ ደርሼ አላውቅም፣ እንቅልፌ ይቀድማል።

የቀበና ልጅ

እንዴት እንደነበር ልነግራችሁ መጣሁ። ሐሙስ ሄድን። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

ባስ ላይ «በር የለውም» የሚለውን ነገርኩት። «ታዲያ ማነው የሚያስወጣህ?» አለኝ። ሳቅኩ፣ እሱ አልሳቀም።

አሽሞሊያን ሁለት ሰዓት አልን፣ ሦስት ሆነ። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ያሳለፈው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ ዕቃውን ሳይሆን መግለጫውን እያነበበ። አስተማሪ ነው ምን ታደርጉታላችሁ፣ አንድ ካርድ ላይ የጎደለ ነጥብ አግኝቶ አሳየኝ። የአክሱሙን ሳንቲም አላየነውም፣ ጊዜ አልበቃንም። ፒት ሪቨርስም ቀረ።

ዌስተን ስንደርስ ምንም ሳልል ምድር ቤቱን አዞርኩት። ያሳዩ የነበረው ሌላ ነገር ነው፣ የኛ አልነበረም። ከዚያ ካፌው ጋ አስቀምጬው፣ ጉልበቱን እያሸ፣ ብሩስ ያመጣው ሄኖክ በዚህ ቤተ መጻሕፍት እንዳለ፣ የሚነበበውም ከበላያችን ፎቅ ላይ እንደሆነ፣ ላሳይህ ፈልጌ ካርዱ እንዳልደረሰልኝ ነገርኩት። ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። ለንደን ደቡብ፣ ያልከውን ነገር ሊናገር ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን መጀመሪያውን በቃሉ ይለው ጀመር፣ በግዕዝ፣ ቀስ ብሎ፣ ሻዩን እንደያዘ። አጠገባችን ላፕቶፕ የከፈተች ልጅ ጆሮ ማዳመጫዋን አውጥታ ሰማችው። ሲጨርስ «የኔታ በዱላ ነው ያስያዙን፣ ካርድ አልጠየቁንም» አለ። ካርዱን ለሚቀጥለው ጊዜ ዛሬውኑ ልጠይቅለት ነው፣ ብራና እንዴት እንደሚሞላ በውስጥ መስመር ብትነግረኝ ደስ ይለኛል።

ንግግሩ ስለ ድሮ መጻሕፍት ትርጉም ነበር፣ በኛ 11 ሰዓት። ማጠቃለያውን አትሜ ሰጥቼው ነበር፣ በእርሳስ አስምሮበት ገባ። ግማሹ እንዳመለጠው አውቃለሁ፣ አንገቱን ሲነቀንቅ አየሁታ። ሲወጣ ግን ፊቱ በርቷል። ምን ገርሞት እንደሆነ ታውቃላችሁ? አንዷ ተማሪ ጥያቄ ጠየቀች፣ ፕሮፌሰሩ ትንሽ አሰበና «አላውቅም» አላት። «ሰማሽው? አላውቅም አለ! ሕዝብ ፊት!» እያለኝ እስከ ቲያትሩ በር ደረስን። ሠላሳ አምስት ዓመት ሲያስተምር አንድ ቀን እንኳ ደፍሮ ብሎት እንደማያውቅ ነገረኝ፣ ያልገባውን ሲጠይቁት «የቤት ሥራ ይሁናችሁ» ይል ነበር አሉ። እኔንም እንደዚያ ነው ያሳደገኝ፣ አሁን ነው የገባኝ።

ቲያትሩ የተማሪዎቹ ነበር፣ ትንሿ ክፍል ውስጥ። መጋረጃ ልክ ነህ፣ ፊታቸው ይናገራል። አንዱ ልጅ መሀል ላይ ቃሉ ጠፋው፣ አባዬ ከወንበሩ ተነስቶ ሊያቀብለው ምንም አልቀረው፣ ልጁ ራሱ አገኘውና አለፈ። ሲያልቅ ቆሞ ነው ያጨበጨበው።

ከዚያ ደወሉ። ዝናብ አቁሞ ነበር። ለጉልበቱ ታክሲ ልያዝ ብል እምቢ አለ፣ ቀስ እያልን ደረስን። የአምስት ደቂቃውን ታሪክ ስነግረው «እኛም ስድስት ሰዓት ተለይተን እንኖር የለ» አለ። ከዚያ ደወሉ መደወል ጀመረ፣ አባዬ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ።

ስካውቷ

ስንት ደረሰ?

የቀበና ልጅ

ዘጠና ስምንት። ሦስቱን የበላሽብኝ አንቺ ነሽ ይለኛል፣ መሀል ላይ «በረደህ እንዴ?» ብዬ ጠይቄው ነበር።